ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ብር

መስከረም 1 ቀን ቅዱስ ራጉኤል ሲነግሥ ወደ እንጦጦ የምትወጡ ሁሉ፥ የእናቶችን አንገት ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከአሮጌዎቹ የብር መስቀሎችና ድሪዎች በአንዳንዱ ላይ፥ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጡ የብር ነጠብጣቦች ተሰልፈው ይታያሉ። አንባቢዎች ሆይ፥ እነዚያ ፍሬዎች የተቀረጹ አይደሉም፤ ለየብቻ ተሠርተው አንድ በአንድ የተተከሉ ናቸው።

አንጥረኛው ቀጭን የብር ሽቦ ይከታትፍና ቁርጥራጩን በከሰል ዱቄት ውስጥ በትኖ ያነደዋል። የቀለጠው ብር እንደ ውሃ ጠብታ ራሱን ሰብስቦ ክብ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው፤ የሚያስጨንቀው ማጣበቁ ነው።

ለምን ቢባል፥ የብዙው የአገራችን ጌጥ እናት ጠገራ ብር ነው። 1780 የሚል የፈረንጅ ዘመን የተቀረጸበት የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር፥ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ንጹሕ ብር በ962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ፥ ጠገራው ግን በ780 ገደማ መላላት ይጀምራል። እንግዲህ አንጥረኛው ፍሬዎቹን በቦራክስ ደርድሮ የማጣበቂያውን ብናኝ ከነሰነሰ በኋላ፥ ብናኙ ቀልጦ ፍሬው ሳይቀልጥ እሳቱን ማራቅ አለበት። ቴርሞሜትር የለውም፤ የሚመራው የብሩ ቅላት ነው። ወናፉን ጥቂት ቢያበዛ የብዙ ቀን ድካም አንድ ጥፍጥፍ ይሆናል።

የኢጣልያ ኤትሩስካውያን ከ2600 ዓመት በፊት በወርቅ ላይ ይህን ጥበብ እጅግ አራቅቀውት ነበር። ባለፈው በፊት በነበረው መቶ ዓመት ስመ ጥሩዎቹ የሮማ አንጥረኞች ካስቴላኒዎች እንኳ ብዙ ደክመው አልደረሱባቸውም።

በእኛ አገር ግን እንዲህ ያለው ባለሙያ «ቀጥቃጭ» እየተባለ ሲሰደብ ኖረ። ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን ያቀኑት ዳግማዊ ምኒልክ፥ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ስድቡ ቢቀንስም ሚዛኑ አልቀረም፤ የአያት ድሪ በግራም ተመዝኖ ሲሸጥ፥ ያ ሁሉ ድካም ለዋጋው ምንም አይጨምርም። ገዢው ካቀለጠው ደግሞ ፍሬዎቹ ወደ መጡበት እሳት ይመለሳሉ።

ስለዚህ ከመሸጣችሁ በፊት ጌጡን በአጉሊ መነጽር እዩት። የተተከለ ፍሬ ከሥሩ ቀጠን ብሎ ጥላ ይጥላል፤ በቅርጽ ማውጫ ፈስሶ የወጣ አስመሳይ ግን ሥሩ ድፍን ነው። ከጠቆረም በአሸዋ ወይም በአመድ አትፈትጉት፤ ለብ ያለ ውሃ፥ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል።