ጨው ልሶ ውሃ የጠጣ በሬ

በገበያ ቀን በሬ የሚገዛ ገበሬ ይህን ተንኮል ያውቃል። አንዳንድ ነጋዴ ለሽያጭ የሚያቀርበውን በሬ ሌሊቱን ጨው ያስልሰዋል። ጠዋት ደግሞ እስኪጠግብ ውሃ ያጠጣዋል። በሬው ሆዱ ተነፍቶ፣ ጎኑ ሞልቶ ገበያ ይቆማል። ያላወቀ ገዢ «ይህስ የደለበ ነው!» ብሎ ይገዛዋል። በማግስቱ ውሃው ሲወጣ በሬው ይከሳል። ገንዘቡ ግን ከነጋዴው ኪስ አይወጣም።

እኛ ይህን ተንኮል ከልጅነታችን ጀምረን እናውቃለን። በበሬ የሚያታልለን የለም። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት አዳማ ከተማ ውስጥ በገዛ ገላችን ተታለልን። ውድ አንባቢያን፣ ታሪኩን ሰምታችሁ ብትስቁ አይከፋንም። እንድትማሩበት ግን እንፈልጋለን።

ነገሩ እንዴት ሆነ?

በመቂ አካባቢ የምንኖር ሁለት ወንድማማቾች ነን። በበጋ ውሃ በሞተር እየሳብን ሽንኩርት እናለማለን። በክረምት በቆሎና ጤፍ እንዘራለን። በዚያ ዓመት ሽንኩርቱ ጥሩ ዋጋ አወጣ። እናታችንም «ይህን እንዳትነኩት» ብላ የክረምቱን ማዳበሪያ መግዣ ለይታ አስቀመጠች።

ታናሽየው ከሲታ ነው። ጆንያ በሚጭንበት ጊዜ ጓደኞቹ ይቀልዱበታል። ሽንኩርት ይዘን በሞጆ በኩል አዳማ በሄድንበት ቀን አንድ ፎቅ ላይ ትልቅ ሥዕል አየን። በግራ በኩል ቀጭን ልጅ አለ። በቀኝ በኩል ጡንቻው እንደ ድንጋይ ካብ የተቆለለ ሰው አለ። ከሥሩ «በ60 ቀን» የሚል ተጽፏል። ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው ማለት ነው።

ወደ ውስጥ ገባን። ጂም ይሉታል፤ የብረት ማንሻ ቤት ነው። ግድግዳው ሁሉ መስተዋት ነው። አሰልጣኙ ታናሽየውን ከላይ እስከ ታች አየውና «ወንድሜ፣ አጥንትህ ጥሩ ነው። የጎደለህ ዱቄቱ ብቻ ነው» አለው። የ2 ወር ክፍያና ሁለት ቆርቆሮ ዱቄት አንድ ላይ ነው የሚሸጠው። ዋጋው ሲደመር አንድ ወይፈን ይገዛል። ከማዳበሪያው ገንዘብ ላይ አንስተን ከፈልን። ለእናታችንም አልነገርንም።

እዚህ ላይ የሚያሳፍረንን ነገር እንናገር። ከመክፈላችን በፊት አሰልጣኙ አንድ ወረቀት ሰጥቶን ነበር። እኛ ደግሞ መሠረተ ትምህርት ተምረናል፤ ማንበብ እንችላለን። ነገር ግን ሰውየው ብዕሩን ዘርግቶ ቆሞ ሳለ፣ ቁጭ ብሎ ፊደል አንድ በአንድ መልቀም ነውር መሰለን። ሳናነብ ፈረምን።

ታናሽየው አዳማ አክስታችን ቤት ተቀመጠ። ጠዋትና ማታ ብረት አነሳ። ዱቄቱንም በውሃ እየበጠበጠ ጠጣ። በ2 ሳምንት ውስጥ 3 ኪሎ ጨመረ። ደስታችን ወሰን አጣ። ከዚያ በኋላ ግን ሚዛኑ አልንቀሳቀስ አለ። 60ው ቀን አለቀ። ሥዕሉ ላይ ያለው ሰው አልመጣም። አሰልጣኙ «ሌላ ቆርቆሮ ጨምር። ካልሆነም መርፌ አለ» አለው። ዱቄቱን ባቆመ በአንድ ወር ውስጥ ከ3ቱ ኪሎ 2ቱ ጠፋ።

ገንዘባችን እንዲመለስ ጠየቅን። አሰልጣኙ ያንን የፈረምንበትን ወረቀት አወጣ። አሁን አነበብነው። «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም። ውጤቱ ከሰው ሰው ይለያያል» ይላል።

በቆርቆሮው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ባዶዎቹን ቆርቆሮዎች ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። አንዲት ሲስተር ጽሑፉን አንብባ አስረዳችን።

የመጀመሪያው ቆርቆሮ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ማለት ሥጋችንን የሚሠራው ገንቢ ምግብ ነው። ይህ ዱቄት ከምን ይሠራል? ከአጓት! አሬራ በእሳት ሲሞቅ አይቡ ለብቻ፣ አጓቱ ለብቻ ይሆናል። በውጭ አገር ፋብሪካዎች አይብ ሲሠሩ የሚተርፈውን አጓት ያጣራሉ፤ በውስጡ ያለውን ፕሮቲን ለይተው ያደርቁታል። ጣዕም ይጨምሩበታል፤ በቆርቆሮ ያሽጉታል። እናቶቻችን ለጥጃ የሚሰጡት አጓት ባሕር ተሻግሮ በወይፈን ዋጋ መጣልን።

ዱቄቱ መርዝ አይደለም። ነገር ግን በቤታችን የሌለ ነገር አልያዘም። የዚህ ዱቄት አንድ ማንኪያ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። 100 ግራም ደረቅ ባቄላ 26 ግራም ያህል አለው። ምስር 25፣ ሽምብራ 20፣ ጤፍ ደግሞ 13 ግራም ያህል አላቸው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ይሰጣል። የዝዋይ ቆሮሶ ዓሣም 100 ግራሙ 20 ግራም ያህል ይዟል። ለአንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል። ስለዚህ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 48 ግራም ያስፈልገዋል። ጡንቻ ለማሳደግ ብረት የሚያነሳ ሰው የዚህን እጥፍ ቢያገኝ በቂ ነው።

እንጀራ በሽሮ የሚበላ ሰው ጥበብ እየበላ ነው። በጤፍ ውስጥ የሚያንሰውን የፕሮቲን ዓይነት ሽሮው ይሞላል፤ በሽሮ ውስጥ የሚያንሰውን ጤፉ ይሞላል። አያቶቻችን ይህን ያገኙት ያለ ቆርቆሮ ነው።

ሁለተኛው ቆርቆሮ ክሬአቲን ይባላል። ይህ ነገር በሥጋና በዓሣ ውስጥ አለ፤ ሰውነታችንም ራሱ ይሠራዋል። በብዛት ሲወሰድ ውሃ ወደ ጡንቻ ይስባል። ከባድ ነገር ለሚያነሳ ሰው ጥቂት ይረዳዋል። ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት የሚጨመረው ኪሎ አብዛኛው ውሃ ነው። ሲያቆሙት ውሃው ይሄዳል።

ሲስተር ይህን ስትናገር እኛ ተያየን። ታላቅየው «ጨው ልሶ ውሃ የጠጣው በሬ እኛ ነን በለኛ!» አለ።

ጡንቻ እንዴት ያድጋል?

ወይፈን ቀንበር ሲለማመድ አይታችኋል። በመጀመሪያው ሳምንት ይንገዳገዳል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቀጥ ብሎ ይስባል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥጋ ጨምሮ አይደለም፤ አሳሳቡን ስለለመደ ነው። ሰውም እንዲሁ ነው። ብረት ማንሳት የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብርታት የሚሰማው በአብዛኛው ነርቮቹ ሥራውን ስለተማሩ ነው። ሥጋው የሚጨምረው ቀስ በቀስ፣ በወራትና በዓመታት ነው።

ለዚህም ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። እነርሱም ሳያቋርጡ መሥራት፣ በቂ ምግብ መብላትና መተኛት ናቸው። ጡንቻ የሚጠገነውና የሚያድገው ከሥራው በኋላ፣ በዕረፍት ጊዜ ነው። ከሦስቱ አንዱን በገንዘብ መተካት አይቻልም።

ይህን በዓይን ለማየት ከአዳማ ተነስቶ ወደ አሰላ፣ ከአሰላም ወደ በቆጂ መውጣት ነው። አዳማ ቆላማ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ነው። በቆጂ 2,800 ሜትር ያህል ላይ የምትገኝ ብርዳም የገብስና የስንዴ አገር ናት። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የተገኙት ከዚህ አካባቢ ነው። ደራርቱ በልጅነቷ ከብት ትጠብቅ ነበር። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር አሸነፈች። በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ ያንኑ ርቀት ደግማ አሸነፈች። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የኒውዮርክን ማራቶን አሸነፈች። ይህ የዓመታት ድካም ነው እንጂ የ60 ቀን ሥራ አይደለም።

ስለ መርፌው

አሰልጣኙ «መርፌ አለ» ያለው ስቴሮይድ የሚባለውን ነው። ይህ በፋብሪካ የተሠራ የወንድ ሆርሞን ነው። ሆርሞን ማለት ሰውነት ራሱ አዘጋጅቶ በደም የሚልከው መልእክተኛ ነው። በእርግጥ መርፌው ጡንቻ ያሳድጋል። የሚያስከፍለው ዋጋ ግን ከባድ ነው። ሰውነት ከውጭ ሲሰጠው የራሱን ማዘጋጀት ያቆማል። የወንዱ ቆለጥ ይሟሽሻል፤ ልጅ መውለድም ሊያስቸግረው ይችላል። ወንዱ ጡት ሊያወጣ ይችላል። ልብና ጉበት ይጎዳሉ። መርፌውን ከሌላ ሰው ጋር የተጋራም ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ ሊይዙት ይችላሉ።

በ1981 ዓ.ም. መስከረም ወር፣ በሴኡል ኦሊምፒክ፣ ካናዳዊው ቤን ጆንሰን 100 ሜትርን በ9.79 ሰከንድ ሮጦ ዓለምን አስደነቀ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሽንቱ ሲመረመር ስቴሮይድ ተገኘበት። የወርቅ ሜዳሊያውን ተነጠቀ።

ከመክፈል በፊት ምን እናድርግ?

1. ጊዜ ቆርጦ ውጤት ቃል የሚገባን ሰው እንጠርጥር። በሬ እንኳ ለማድለብ ወራት ይፈልጋል።

2. ወረቀት ሲሰጠን እስከ መጨረሻው እናንብብ። «እቤት ወስጄ ላንብበው» ማለት ነውር አይደለም። ከከለከሉን እንመለስ።

3. ክፍያው በየወሩ ይሁን። የብዙ ወር በአንድ ጊዜ አንክፈል።

4. የቆርቆሮው ጽሑፍ በባዕድ ቋንቋ ቢሆንም ቁጥሩን ማንበብ እንችላለን። የአገልግሎት ዘመኑ ማብቂያ መቼ እንደሆነ እንይ። የውጭ አገር አቆጣጠር ከእኛ በ7 ወይም በ8 ዓመት እንደሚበልጥ አንርሳ።

5. የኩላሊት፣ የልብ ወይም ሌላ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ዱቄቱን አይውሰድ። መርፌውን ግን ማንም ሰው ለጡንቻ ብሎ አይወጋ።

በዚያ ክረምት ማዳበሪያው ጎደለን። ግማሹ ማሳ ያለ ማዳበሪያ ተዘራ። በቆሎው ጉልበት ላይ ሲቀር እናታችን ነገሩን ጠየቀችን፤ ነገርናት። ብዙ አልተናገረችም። «ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህ ቀን ነበር» ብቻ አለች።

ታናሽየው አሁንም ስፖርት ይሠራል። አሸዋ የሞላ ጀሪካን ያነሳል፤ ጠዋት ጠዋት ይሮጣል። ባቄላና እንቁላል ይበላል። በ2 ዓመት ውስጥ 4 ኪሎ ጨምሯል። ይህኛው ኪሎ አልጠፋም። ጆንያም ሲጭን የሚቀልድበት የለም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ወንድማማቾቹ ማንበብ እየቻሉ ሳያነቡ የፈረሙት ለምንድን ነው? እናንተስ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል?

2. በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት የተጨመረው ክብደት ምን ነበር?

3. በቤታችሁ የሚገኙ ገንቢ ምግቦችን ጻፉ።