ለጥርስ ውበት የሚገባው ነገር ለሥጋም የሚስማማ ይሁን

«ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው የቆየ ብሂል ነው። የቀረበው ማዕድ ምንም ቢያምር፣ የጋባዡ ፊት ካልፈካ ለእንግዳው አይጣፍጠውም። ፊት የሚፈካው ደግሞ በፈገግታ ነውና፣ ጥርሱ የወለቀ ወይም የወየበ ሰው ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፤ በሸንጎ ሲናገርም ቃሉን ይቆጥባል። ለዳኛው፣ ለመምህሩ፣ በቅዳሴና በማኅሌት ለሚያገለግለው ካህን ሁሉ የጥርስ ሙሉነት ቃልን አጥርቶ ለመናገር የሚያስፈልግ ነው። ስለዚህ የጥርስን መልክ ማሳመር ከንቱ ጌጥ ነው ተብሎ የሚናቅ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ለውበት ተብሎ ወደ አፍ የሚገባው ነገር እንደ ልብስ ሲመሽ የሚወልቅ፣ እንደ ቀለበትም ሲጠብ የሚለወጥ አይደለም። ሌሊትና ቀን በምራቅ እየራሰ፣ በትኩስና በቀዝቃዛ እየተፈተነ፣ ከድድና ከአጥንት ጋራ ተጣብቆ ለብዙ ዓመት ይኖራል። በዚህ ምክንያት ሊቀርብ የሚገባው ጥያቄ «ያምራል ወይ» የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ «ሥጋ ይቀበለዋል ወይ» የሚለውም ጭምር ነው። የጥርስ ሕክምና ታሪክ ሲመረመር፣ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ እንደ ተጠየቀ፣ የዘገየበትንም ዕዳ በሽተኛው እንደ ከፈለ ይታያል። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዘመናት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በ1789 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ፣ በአፋቸው የቀረው የተፈጥሮ ጥርስ አንድ ብቻ ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ከእንጨት የተሠራ ነበር እየተባለ የሚነገረው ተረት ነው። የጥርስ ሐኪማቸው ጆን ግሪንውድ ከጉማሬ ጥርስ ቀርጾ፣ የሰው ጥርስም ተክሎበት ሠራላቸው። በመኖሪያቸው በማውንት ቨርነን ተጠብቆ የሚገኘው ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ደግሞ መሠረቱ እርሳስ ነው። ዋሽንግተን ለሐኪማቸው በጻፉት ደብዳቤ፣ ጥርሱ ከንፈራቸውን ወደ ውጭ እየገፋ እንደሚያስቸግራቸው አመልክተዋል። ታላቅ ጦር የመራና ታላቅ አገር ያስተዳደረ ሰው እንኳ፣ በዘመኑ ከሚገኘው ሁሉ የተሻለው ነገር ሲቀርብለት፣ በአፉ የተሸከመው ዛሬ መርዝነቱ የታወቀውን እርሳስ ነበር። ሠሪው የሚመርጠው በእጁ የሚታዘዝለትን ነገር እንጂ ለድዱ የሚስማማውን አልነበረም።

ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ መከፈት ጀምሮ ነበር። በፓሪስ አጠገብ ይኖር የነበረ አሌክሲ ዱሻቶ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ፣ ከእንስሳ ጥርስ የተቀረጸው ሰው ሠራሽ ጥርሱ የሚቀምሰውን መድኃኒት ሁሉ ሽታ እየጠጣ ስለ አስቸገረው፣ በ1774 ዓ.ም. ወደ ፖርሴሊን ሠሪዎች ሄዶ ከዚያ ነገር ጥርስ ለማሠራት ሞከረ። ኒኮላ ዱቧ ደ ሼማን የተባለ የጥርስ ሐኪምም ሥራውን አሻሽሎ አስፋፋው። ፖርሴሊን ምራቅን አይጠጣም፣ አይበሰብስም፣ አይሸትም፤ መልኩም ከተፈጥሮ ጥርስ ጋራ ይመሳሰላል። እንግዲህ የዛሬው የፖርሴሊን ጥርስ የተጀመረው ንጽሕናን ከመፈለግ ነው፤ ውበቱ የመጣው ንጽሕናውን ተከትሎ ነው ለማለት ይቻላል።

ቢሆንም ፖርሴሊኑ ራሱ ኋላ ከስሕተት አልዳነም። የተፈጥሮ ጥርስ አልትራቫዮሌት የተባለው ብርሃን ሲያርፍበት ጥቂት ነጣ ያለ ሰማያዊ ብርሃን መልሶ ይሰጣል፤ ፖርሴሊን ግን በዚያ ብርሃን ውስጥ ጨልሞ ይታያል። ስለዚህ በ20ኛው መቶ ዓመት ሠሪዎቹ ጥርሱ ሕያው እንዲመስል ሲሉ ዩራኒየም ይጨምሩበት ጀመር። በእርግጥ መጠኑ እጅግ ጥቂት ነበር፤ የአሜሪካ ሕግም ከመቶ 0.05 እጅ እንዳያልፍ ወስኖ ነበር። ነገር ግን ጨረር የሚያወጣ ነገር ከድድ ጋራ ተጠግቶ ለዓመታት እንዲኖር የተደረገው ሕመም ለማዳን ሳይሆን፣ አንድ የብርሃን ዓይነት ሲበራ ጥርስ እንዳይጨልም ብቻ ነበር። በ1980ዎቹ ዓመታት ይህ ልማድ ተትቶ፣ ጨረር የሌላቸው ሌሎች ነገሮች ተተኩ። ውበቱም ምንም አልጎደለም። ስለዚህ አደጋው ከመጀመሪያውም አስፈላጊ እንዳልነበረ ታወቀ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ክርክሩ የረዘመው ስለ አማልጋም ነው። አማልጋም ብርን፣ ቆርቆሮንና መዳብን ከባዜቃ (ሜርኩሪ) ጋራ በማዋሐድ የሚሠራ የጥርስ መሙያ ሲሆን፣ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ባዜቃ ነው። በ1840 ዓ.ም. የተቋቋመው የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር፣ አባሎቹ አማልጋም ላለመጠቀም ቃል እንዲፈርሙ በ1845 ዓ.ም. ቢያስገድድም፣ በዚህ የተነሣ ተከፋፍሎ በ1856 ዓ.ም. ፈረሰ። አማልጋሙ ርካሽና ጠንካራ ስለ ነበረ አሸነፈ። እውነቱን ለመናገር፣ የብዙ ድኾችን ጥርስ ከመነቀል አድኗል፤ በአፋቸው ያለባቸውም ሰዎች ያለ ሐኪም ምክር ደንግጠው ሊያስወጡት አይገባም፤ ሲሰበርና ሲቦረቦር የሚወጣው የባዜቃ ትነት ይበዛልና።

የሆነ ሆኖ ባዜቃ በአፍ ብቻ አይቀርም፤ ከሐኪም ቤት ፍሳሽ ጋራ ወደ ወንዝ ይወርዳል፣ በዓሣም አድርጎ ወደ ሰው ማዕድ ይመለሳል። በ2013 ዓ.ም. በጃፓን አገር የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት አማልጋምን ቀስ በቀስ ለመቀነስ መንግሥታትን አሳሰበ። በ2020 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት፣ እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶች፣ ሕፃናት፣ የኩላሊትና የነርቭ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በተቻለ መጠን ሌላ መሙያ እንዲደረግላቸው መከረ። የአውሮፓ ኅብረትም ሐኪሙ ግድ ነው ካላለ በቀር ከ2025 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ከለከለው። በዚያው ዓመት የስምምነቱ ተካፋዮች በ2034 ዓ.ም. አማልጋም ፈጽሞ እንዲቀር ወሰኑ። ለማሰብ የተጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት የነበረ ነገር፣ መቋጫውን ያገኘው ከአንድ መቶ ሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ሥጋን አስቀድሞ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ግን የስዊድኑ ሊቅ የፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ ሥራ ያስረዳል። እኚህ ሐኪም በ1952 ዓ.ም. በሉንድ ከተማ በጥንቸል አጥንት ውስጥ የደምን ዝውውር ለመመልከት ከቲታንየም የተሠራ ትንሽ መሣሪያ ተክለው ነበር። ምርመራው ሲያልቅ መሣሪያውን ለማውጣት ቢሞክሩ፣ አጥንቱ ከቲታንየሙ ጋራ ተዋሕዶ አልላቀቅ አለ። ቲታንየም አየር ሲነካው በላዩ ላይ ወዲያው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይፈጠራል፤ አጥንትም ይህን ሽፋን እንደ ባዕድ አይገፋውም። ብሮኔማርክ ይህን ባዩ ጊዜ ወዲያው ወደ ገበያ አልሮጡም። በእንስሳ ላይ ለብዙ ዓመት ከመረመሩ በኋላ፣ በ1965 ዓ.ም. በጎተንበርግ ከተማ የመንጋጋው አፈጣጠር ጉድለት ለነበረበት ዮስታ ላርሶን ለተባለ የ34 ዓመት ሰው የቲታንየም ሥሮች ተከሉለት። ይህ ሰው በ2006 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ከ40 ዓመት በላይ በልቶባቸዋል። የዓለም ሐኪሞች በሰፊው የተቀበሉትም በ1982 ዓ.ም. በቶሮንቶ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ምርመራ እስከዚያ ድረስ 30 ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ዛሬ ደንብ ሆኗል። አዲስ የጥርስ መሥሪያ ነገር በመጀመሪያ በመስተዋት ዕቃ ውስጥ ባሉ ሕያዋን ሕዋሳት ላይ፣ ቀጥሎ በእንስሳ፣ በመጨረሻም በፈቃደኞች ሰዎች ላይ ይፈተናል፤ ይህንንም ሥርዓት ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በዝርዝር አውጥቶታል። ሆኖም «ተፈትኗል» ማለት «ለሁሉ ሰው ይስማማል» ማለት አይደለም። ኒኬል ያለበት ማዕድን ለብዙው ሰው ባይጎዳም፣ የቆዳ አለርጂ ላለበት ድዱን ሊያሳብጠው ይችላል። ነጩ የሬዚን መሙያ በብርሃን በሚገባ ካልጠነከረ፣ ያልጠነከረው ክፍል እየሟሟ የጥርሱን ነርቭ ያስቆጣል። ቲታንየሙም ቢሆን አፉን የማያጸዳና ትንባሆ የሚያጨስ ሰው ዘንድ አጥንቱ እየተበላ ሊወድቅ ይችላል። እንደዚሁም የሚታሰበው የበሽተኛው ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ቤሪሊየም ያለበትን ማዕድን የሚሞርድ ሠራተኛ ብናኙን ቢስበው የማይድን የሳንባ ሕመም ሊያገኘው ይችላልና፣ የሠሪውም ጤና ከውበቱ ዋጋ ጋራ ሊታሰብ ይገባል።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ፣ በተለይም በወንጂና በመተሐራ አካባቢ፣ ከጉድጓድ በሚቀዳው ውሃ ፍሎራይድ ስለ በዛ ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ የበቀለ ብዙ ሰዎች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውሃ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ይህ ቀለም ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ የገባ ስለሆነ፣ የወይራ መፋቂያም ሆነ ብሩሽ አያስለቅቀውም። በጥርሱ ምክንያት ያፈረ ወጣት ቢገኝ፣ ጥርሴን በአንድ ቀን አንጡልኝ ብሎ ያገኘውን ሁሉ ቢቀበል አይፈረድበትም። የሚፈረደው፣ ምንነቱ ያልታወቀ ማንጫ በሚሸጥለትና ጤነኛ ጥርስ ሞርዶ ሽፋን በሚለጥፍበት ነጋዴ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከመቶ 0.1 እጅ በላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለበት ማንጫ በጥርስ ሐኪም እጅ ካልሆነ እንዳይሰጥ፣ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነም እንዳይደረግ የደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም። ብልኅ ሐኪም በመጀመሪያ ላዩን በጥቂቱ ብቻ በማጽዳትና በልኩ በማንጣት ይጀምራል፤ መሞረድን የመጨረሻ ያደርገዋል፤ የተሞረደ የጥርስ ሽፋን ዳግመኛ አይበቅልምና።

ድድን በጥላሸት መነቀስም በብዙ አገር ቤት የቆየ የውበት ልማድ ነው። ባህሉ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን አንዱ መርፌ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር የጉበትንና የሌላውንም የደም በሽታ ያስተላልፋል። የውበቱ መሣሪያ ንጹሕ ካልሆነ ውበቱ ራሱ የበሽታ በር ይሆናል።

እንግዲህ ከየሰዉ የሚፈለገው ሥራ የታወቀ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያዎችን ሁሉ በቁጥጥር ሥር አድርጓል፤ ቁጥሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ሹሙ በመዝገብ ያልገባ ነገር በጉምሩክ እንዳያልፍና በሐኪም ቤት እንዳይገኝ ሲጠብቅ፣ የሚጠብቀው የሕዝቡን አፍ ነው። የውሃ ጉዳይ ባለሥልጣንም ለስምጥ ሸለቆ ልጆች ፍሎራይዱ የተቀነሰ ውሃ ቢያደርስ፣ ለሚመጣው ትውልድ ከማንኛውም ሽፋን የበለጠ የጥርስ ውበት ሰጠ ማለት ነው። ሐኪሙ የተጠቀመበትን ነገር ስምና የሠሪውን ፋብሪካ በበሽተኛው መዝገብ ይጻፍ። በሽተኛውም «ይህ ምንድን ነው? ከምን ተሠራ? ባይስማማኝ ምን ይደረጋል?» ብሎ ለመጠየቅ አይፈር፤ መልስ የማይሰጥ ሰው መዶሻውን እንኳ ሊያነሣ አይገባውም። ካህናትም የንስሐ አባት ምክር ከሐኪም ምክር ቀድሞ በየቤቱ እንደሚደርስ ያውቃሉና፣ ልጆቻቸውን ቢያስጠነቅቁ ብዙ ሰው ከጉዳት ይድናል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተገኘ ውበት በጥድፊያ ይበላሻል። እርሳሱ፣ ዩራኒየሙና ባዜቃው ሁሉ በየዘመናቸው የተመሰገኑ ነበሩ፤ ቲታንየሙ ግን ሥጋን ለ30 ዓመት ከጠየቀ በኋላ ተመሰገነ፤ ምስጋናውም ጸና። ፈጣሪ ለሰው የሰጠውን ጥርስ የሚስተካከል ነገር ግን እስከ ዛሬ አልተሠራም። ስለዚህ አስቀድሞ ያለውን መጠበቅ፣ የጎደለውን ደግሞ ሥጋ በሚቀበለው ነገር መሙላት፣ ፈገግታውም ጤናውም ለሚበጀው ሰው ሁሉ የሚገባ ነው።