የረጅም በረራ ድካምና የእግር እብጠት

ለበዓልም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ ከዋሽንግተን ወደ ቦሌ የሚመጣ መንገደኛ 13 ሰዓት ገደማ በአየር ላይ ይቆያል። በሁለቱ ከተሞች መካከል እንደ ወቅቱ የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ ሰውነቱ ለቀናት በመጣበት አገር ሰዓት ይመራል። ቀን እንቅልፍ የሚጥለው፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ለዚህ ነው።

ድካሙን ለማቅለል ቀን ቀን ከቤት ወጣ ብለው የፀሐይ ብርሃን ያግኙ። ቀን ከተኙ ከግማሽ ሰዓት አይብለጥ። ውኃ ይጠጡ። ዘመድ ቡና አፍልቶ ቢጠብቅዎም ከቀትር በኋላ ያለውን ይለፉት። ወደ ገርጂም ሆነ ወደ አያት ሲሄዱ በመጀመሪያው ቀን መኪና አይንዱ፤ መሪ ላይ እንቅልፍ ሊወስድዎ ይችላል።

ከድካም የማይቆጠር ምልክት ግን አለ። የሁለቱም እግሮች መጠነኛ እብጠት ብዙ ከመቀመጥ የሚመጣ ሲሆን በአንድ ሁለት ቀን ይጎድላል። አንድ እግር ብቻ፣ በተለይ ባቱ ላይ፣ ካበጠ፣ ካመመ ወይም ከሞቀ ግን በደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ከበረራው ሳምንታት በኋላም ይከሰታል። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ስለሚችል እግሩን አይሹት፣ ለወጌሻም አይስጡት፤ በዕለቱ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎ ወይም ደረትዎን ከወጋዎ በ907 ደውለው የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥሩ።

ነፍሰ ጡሮች፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ፣ የወሊድ መከላከያ እንክብል የሚወስዱና ከዚህ ቀደም ደም የረጋባቸው ሰዎች ከመብረራቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። ማንኛውም መንገደኛ ደግሞ አውሮፕላን ውስጥ በየሰዓቱ ቁርጭምጭሚቱን ያንቀሳቅስ፤ ሲፈቀድም ተነስቶ ይራመድ።