ደወሉ ላይ አትቸኩሉ!

አሜሪካ ኮሌጅ ሳለሁ «ኩዊዝ ቦውል» የሚሉትን የጥያቄና መልስ ውድድር እጫወት ነበር። መነሻው በ1953 እ.ኤ.አ. የጀመረ የሬዲዮ ፕሮግራም ነው።

በየቡድኑ አራት ተወዳዳሪ ይቀመጣል። ጥያቄው ረዘም ይላል፤ ከባዱ ፍንጭ ይቀድማል፣ ቀላሉ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ያወቀ ጠያቂውን አቋርጦ ደወል ይጫናል። በተለመደው ሕግ ላገኘ 10 ነጥብ፣ አቋርጦ ለሳተ ደግሞ 5 ቅናሽ! የመለሰው ቡድን ተመካክሮ የሚሠራቸው ባለ 10 ነጥብ ሦስት ጥያቄዎች ይጨመሩለታል።

አንዴ «የኢትዮጵያ ጦር ኢጣሊያኖችን ድል ያደረገበት...» ሲባል ሳላስጨርስ «ዓድዋ!» ብዬ ጮህኩ። ከቡድኑ ሐበሻ እኔ ብቻ ነኛ! ለካስ ጥያቄው ስለ ዶጋሊ ነው፤ 1879 ዓ.ም.፣ ከዓድዋ ዘጠኝ ዓመት በፊት። ተጋጣሚዎቻችን የራስ አሉላ ስም እስኪጠራ ቁጭ ብለው አዳመጡና መለሱት። ጨዋታውም የእነሱ ሆነ።