ሦስት ማታ ማሸነፍ ምን ያረጋግጣል?

ሎተሪ ቆርጦ ሆን ብሎ መሸነፍ አይቻልም። ከአዟሪው ቲኬት ተቀብሎ «ዛሬስ የማይወጣውን ቁጥር መርጬ ልክሰር» የሚል ሰው ቢኖር እንኳ የእሱ ቲኬት ከሌላው ቲኬት በምንም አይለይም። ገበጣ ላይ ግን መሸነፍ እጅግ ቀላል ነው፤ ትንሽ ልጁን ማስደሰት የፈለገ አባት ሁሉ ያውቅበታል። አሜሪካዊው የገንዘብ ገበያ ተንታኝ ማይክል ሞቦሲን እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ መፈተኛ አድርጎ አቅርቦታል። አንድ ጨዋታ ላይ ሆን ብሎ መሸነፍ ከተቻለ ችሎታ አለበት፤ ካልተቻለ ግን የቀረው ዕድል ብቻ ነው።

በዚህ መፈተኛ የቆዩት የሀገራችን ጨዋታዎች ወደ ችሎታው ጎራ ይገባሉ። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን ገበጣ አጥንቶ ሲጽፍ በደርዘን የሚቆጠሩ ዓይነቶችን መዝግቧል። በሁሉም ጠጠሩ በግልጽ ይታያልና የተሸነፈ ሰው የሚያሳብበው ነገር የለውም። ድሮ በየመኳንንቱ ቤት ይዘወተር የነበረው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥም እንዲሁ ነው። አጀማመሩ «ወረራ» ይባላል፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፍጥነታቸው ያንቀሳቅሳሉ። አጨራረሱም የራሱ ወግ ነበረው። የባላጋራን ንጉሥ በደር (በግንብ) ወይም በፈረስ መግደል ብዙም አያስከብርም፤ በመደቅ (በተራው ወታደር) መግደል ግን ያስመሰግናል። ተመልካቹ ማን እንዳሸነፈ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳሸነፈም ይፈርድ ነበር ማለት ነው። ይህ ወግ ለካርታ ተጫዋች ከምንም በላይ ይጠቅመው ነበር፤ ካርታ ላይ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው።

ፖከር ከሎተሪና ከገበጣ መሀል ይቆማል። በዓለም በብዛት የሚዘወተረው ቴክሳስ ሆልደም የሚባለው ዓይነት ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ለራሱ ብቻ የሚያያቸው 2 ካርታዎች ይታደሉታል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ለሁሉም የሚሆኑ 5 ካርታዎች ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ 3፣ ቀጥሎ 1፣ በመጨረሻም 1። በየመሀሉ ብር ይመደባል። ከ7ቱ ካርታዎች የተሻለውን የ5 ካርታ ጥምረት የያዘ ያሸንፋል። ሌሎቹ ፈርተው ካርታቸውን ከጣሉ ግን ባዶ እጁን የተቀመጠውም ጠቅልሎ ይወስዳል። ካርታው ሲበወዝ የሚገዛው ዕድል ነው፤ ከታደለ በኋላ መግባት፣ መጨመር ወይም መጣል የተጫዋቹ ፈንታ ነው።

ዕድልና ችሎታ እንዴት እንደሚደባለቁ ለማየት ከእ.ኤ.አ. 2003ቱ የላስ ቬጋስ የዓለም ፖከር ውድድር የተሻለ ምሳሌ የለም። ክሪስ መኒሜከር በቴነሲ የሚኖር የ27 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። የውድድሩ መግቢያ 10,000 ዶላር ቢሆንም እሱ በኢንተርኔት በተደረገ የ86 ዶላር ማጣሪያ አሸንፎ ገባ። ከ839 ተወዳዳሪዎች አንደኛ ወጥቶም 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በመጨረሻው ፍልሚያ ምንም ሳይዝ ያለውን ሁሉ አስገብቶ፣ የተሻለ ካርታ የነበረውን ልምድ ያለው ተጫዋች ሳም ፋርሃን አስፈራርቶ ካርታውን አስጥሎታል። ይህን ድፍረትና ስሌት የሚነፍገው የለም። ከዚያ በፊት ግን ከዘመኑ ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ ከሆነው ፊል አይቪ ጋር ተፋጦ ነበር። አንድ ካርታ ብቻ ሲቀር አይቪ እየመራ ሳለ ለመኒሜከር አስ ተገለጠለትና አይቪ ከውድድሩ ወጣ። በዚያች ሰዓት መኒሜከርን ሊያድኑት የሚችሉት ካርታዎች ካልታዩት 44 ውስጥ 7 ብቻ ነበሩ፤ ከ6 ጊዜ አንድ ጊዜ ገደማ መሆኑ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የተወዳዳሪው ቁጥር ወደ 2,576 አሻቀበ። አብዛኛው ያየው ዋንጫውን እንጂ ያቺን አስ አልነበረም።

ታዲያ ዕድልን ከችሎታ ለመለየት ስንት እጅ (የካርታ ዕደላ) መጫወት ያስፈልጋል? እ.ኤ.አ. በ2015 ፒትስበርግ ከተማ ላይ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክላውዲኮ የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከአራት እውቅ ተጫዋቾች ጋር አጋጠሙ። 80,000 እጅ ካርታ ተጫወቱና ሰዎቹ በ732,713 ነጥብ መርተው ጨረሱ። ተመራማሪዎቹ ግን ልዩነቱ ከአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው የማያልፍ መሆኑን ጠቅሰው ውጤቱን እንደ አቻ ቆጠሩት። የተሸናፊ ሰበብ ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን እውነትም እንደዚያ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2017 ሊብራተስ የተባለውን አዲስ ፕሮግራም ይዘው ሲመለሱ ጨዋታውን ወደ 120,000 እጅ ከፍ አደረጉት። እንደ መጀመሪያው ጊዜም አንዱ ተጫዋች ጋ ለሰው የታደለው ካርታ ሌላው ተጫዋች ጋ ለማሽኑ እንዲታደል፣ የማሽኑም ለሰው እንዲሆን አደረጉ። የካርታ ዕድል ድርሻ በዚህ መንገድ ይቀንሳል። ሊብራተስም በማያሻማ ልዩነት አሸነፈ።

ቤት ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወት ሰው በሰዓት 25 እጅ ያህል ቢታደል፣ በ4 ሰዓት ጨዋታ 100 እጅ ይደርሰዋል። የክላውዲኮን 80,000 ለመድረስ 800 ማታ ያስፈልገዋል። ሦስት ማታ አከታትሎ አሸንፎ «ጨዋታው ገብቶኛል» የሚል ሰው ምናልባት እውነቱን ይሆናል፤ የሦስቱ ማታ ውጤት ግን ምስክር ሊሆነው አይችልም።

በመንዝ የሞላሌ አካባቢ በግ አርቢዎች ዕድልን ከብቃት የመለየትን ችግር በሌላ መልኩ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ኢካርዳ የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም ከአጋሮቹ ጋር የመንዝን በግ በማኅበረሰብ ደረጃ ለማሻሻል ሥራ ሲጀምር ከተመረጡት ቦታዎች ሞላሌና መሐል ሜዳ ይገኙበታል። አንድ ጠቦት በስድስት ወሩ ከእኩዮቹ ገዝፎ ቢታይ ዘሩ ጥሩ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ለብቻው ተወልዶ የእናቱን ወተት ስለጠገበ፣ ወይም ዝናቡ ሰምሮ ሣር በተትረፈረፈበት ወቅት ስለደረሰም ሊሆን ይችላል። በዓይን ብቻ አይለይም። ስለዚህ በየመንደሩ መዝጋቢ ተመደበ፤ በጎቹ ጆሮ ላይ ቁጥር ተደረገ፤ የልደታቸው ቀንና ክብደታቸው እየተጻፈ አውራ የሚሆነው ከመዝገቡ ይመረጥ ጀመር። ቀድሞ ቶሎ ያደገው ወንድ ጠቦት ቶሎ ገበያ ወጥቶ ይሸጥ ስለነበር ለዘር የሚቀረው ደካማው ነበር።

ጀማሪ ካርታ ተጫዋችም ቢያንስ አንድ ደብተር ያስፈልገዋል። ያገኘውንና ያጣውን ብቻ መጻፍ ግን ብዙም አይረዳውም። ምን ይዞ እንደገባ፣ ጠረጴዛው መሀል ስንት ብር እንደነበረ፣ ለምን እንደጨመረ ወይም እንደጣለ መመዝገብ አለበት። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ማሪያ ኮኒኮቫ ፖከርን ከዜሮ ተነስታ ከታዋቂው ተጫዋች ከኤሪክ ሳይደል ስትማር፣ መምህሯ የእጁን መጨረሻ መስማት አይፈልግም ነበር፤ እንዴት እንዳሰበች ብቻ ይጠይቃታል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ አንድ ትልቅ ውድድር ለማሸነፍ በቅታለች።

ውጤትና ውሳኔ እንዴት እንደሚለያዩ በብር ማየት ይሻላል። ጠረጴዛው ላይ 200 ብር አለ እንበል። ባላጋራ 100 ብር ጨመረ፤ ድምሩ 300 ሆነ። አንድ ካርታ ብቻ ቀርቷል። ተጫዋቹ አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው 4 ካርታዎች አሉት፤ አምስተኛው ከመጣለት ያሸንፋል። ካልታዩት 46 ካርታዎች የሚያድኑት 9 ናቸው፤ ይህም 20 በመቶ እንኳ አይሞላም። 300 ብር ለማግኘት 100 ብር የሚከፍል ሰው ግን እንዳይከስር ቢያንስ 25 በመቶ ዕድል ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የሚጨመር ብር ከሌለ፣ በገባ ቁጥር በአማካይ 22 ብር ገደማ ይከስራል። አምስተኛው ካርታ መጥቶለት ጮቤ የሚረግጥበት ቀን አይጠፋም፤ የዚያን ቀንም ውሳኔው ስህተት ነበር። አደገኛው ቀን ይኸው ነው፤ የተሳሳተ ነገር አድርጎ የተሸለመ ሰው መልሶ ያደርገዋልና።

የጀማሪ ትልቁ ችግር ግን ሒሳብ ሳይሆን ትዕግሥት ማጣት ነው። ለመጫወት የመጣ ሰው ቁጭ ብሎ ካርታ ሲጥል ማምሸት ይከብደዋል። ጎበዝ ተጫዋቾች ከሚታደላቸው አብዛኛውን ሳይገቡበት ይጥላሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ጥንድ አስ የሚታደለው በአማካይ ከ221 እጅ አንዴ ነው። እሱም ቢሆን አንድ ባላጋራ ላይ ከ100 ጊዜ 85 ያህሉን ሲያሸንፍ፣ አራት ሰው እስከ መጨረሻው ሲከተለው ግን ወደ 56 ይወርዳል። ስለዚህ ጥሩ ካርታ የያዘ ጨመር አድርጎ ብዙዎቹን ማስወጣት እንጂ ሁሉንም በርካሽ ማስገባት አይበጀውም። የመቀመጫ ተራም ዋጋ አለው፤ መጨረሻ ላይ የሚወስን ሰው የሌሎቹን ውሳኔ አይቶ ስለሚወስን በደካማ ካርታም መግባት ይችላል፤ መጀመሪያ የሚናገረው ግን መጠንቀቅ አለበት።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው እልህ ነው። በጥሩ ካርታ የተሸነፈ ሰው የሚቀጥለውን እጅ የሚጫወተው ከካርታው ጋር ሳይሆን ካሸነፈው ሰው ጋር ነው። ብዙ ብር የሚጠፋው በዚህ ሰዓት ነው። ከቤት ሲወጡ የሚከስሩትን መጠን ወስኖ ያንን ብቻ መያዝ የተለመደ ምክር ነው፤ ሞባይል ባንኪንግ ግን በአንድ ደቂቃ ያፈርሰዋል። በኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ ቁማር ማጫወት የተከለከለ ስለሆነ፣ ጨዋታውን ለመማር የሚፈልግ ሰው በባቄላ ፍሬ ወይም በክብሪት እንጨት ቢጫወት ሒሳቡ አንድ ነው። እልሁም፣ የሚገርመው፣ ብዙም አይቀንስም።

በየከተማው ስለተስፋፋው የኳስ ቤቲንግ ደግሞ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ወጣት ከካርታ ይልቅ የሚያውቀው እሱን ነው፤ «ኳስ ስለማውቅ» ብሎ የችሎታ ጨዋታ አድርጎም ያየዋል። ኳስ ማወቅ በርግጥ ይጠቅማል። ነገር ግን ፖከር ላይ ባላጋራው ሌላ ተሳሳች ሰው ሲሆን፣ ቤቲንግ ላይ ባላጋራው ዋጋውን የሚተምነው ቤት ነው። ለምሳሌ የአንድ ጨዋታ ኦድ (ግምቱ የሠመረለት ሰው ለአንድ ብሩ የሚከፈለው) ለባለሜዳው 2.00፣ ለአቻ 3.20፣ ለእንግዳው 3.60 ቢሆን፣ እያንዳንዱ የሚወክለው ዕድል 50፣ 31 እና 28 በመቶ ገደማ ነው። ድምሩ 100 መሆን ሲገባው 109 ይሆናል፤ 9ኙ የቤቱ ነው። አንድ ጨዋታ ላይ ብዙ አይመስልም። ወጣቱ ግን አሥር ጨዋታ አንድ ቲኬት ላይ ደርድሮ በ100 ብር ትልቅ ሽልማት ያልማል። የቤቱ ብልጫም አሥር ጊዜ በራሱ ላይ ይባዛል። በእንዲህ ያለ ኦድ አሥሩንም እንዲሁ በግምት የሞላ ሰው ከ100 ብር ቲኬቱ በአማካይ የሚመለስለት 42 ብር ገደማ ነው፤ ያውም ከሽልማቱ ላይ የሚቆረጠው ግብር ሳይታሰብ።