ከጥራጊ ክምር የተነሣው የፒር ዛፍ

በጓሮው ጥግ የፍሬ ዛፍ የሚተክል ሰው ከዕለት ጉርሱ አሻግሮ የሚመለከት ሰው ነው። ጎመን የዘራ በጥቂት ሳምንታት ይቀጥፋል፤ ዛፍ የተከለ ግን ዓመታትን በትዕግሥት ሊጠብቅ ግድ ነው። አንዳንዴም የተከለው ዛፍ ለልጅ ልጆቹ ብቻ ሳይሆን ለአንድ አገር በሙሉ ሲተርፍ ይታያል። የዚህ ዓይነቱን ታሪክ ከሩቅ ምሥራቅ፣ ከጃፓን ምድር፣ ለአንባብያን ለማካፈል እንወዳለን።

ብዙ ሰው ፒር ሲባል በዓይነ ኅሊናው የሚመጣለት አንገቱ ቀጠን፣ ሆዱ ሰፋ ያለውና ሲበስል እንደ ቅቤ የሚለሰልሰው የአውሮፓ ፍሬ ነው። የእስያው ፒር ግን ከዚህ ይለያል። ጃፓናውያን ናሺ ይሉታል። ቅርጹ እንደ ፖም ድቡልቡል፣ ቆዳው እንደ ዝርያው አረንጓዴ ቢጫ ወይም የነሐስ መልክ ያለው ነው። ሥጋው ነጭ ሲሆን፣ ሲገመጥ ቀጨም ይላል፤ ውኃውም አፍ ሞልቶ ይፈሳል። የአውሮፓው ፒር ጥሬውን ተለቅሞ በቤት ውስጥ ሲለሰልስ፣ ናሺ ግን እዚያው ዛፉ ላይ ይበስላል፤ እንደ ተቆረጠም ይበላል። በጓሮው ለሚያለማው ሰው ትልቁ ደስታም ይኸው ነው።

የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ

እ.ኤ.አ. በ1888 ከቶኪዮ በስተምሥራቅ በምትገኘው በዛሬይቱ የማትሱዶ ከተማ አካባቢ ካኩኖሱኬ ማትሱዶ የተባለ የ13 ዓመት ልጅ በዘመዶቹ ግቢ የጥራጊ መጣያ ላይ የበቀለች ትንሽ የፒር ችግኝ አየ። ማን እንደ ዘራት የሚያውቅ አልነበረም። ሌላ ልጅ ቢሆን ረግጧት ባለፈ ነበር፤ እርሱ ግን ነቅሎ ወደ አባቱ የፒር እርሻ ወሰደና ተከላት።

ችግኟ ደካማ ነበረች፤ በሽታም ያጠቃት ነበር። ልጁ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ተንከባከባት፤ ችግኟም ዛፍ ሆነች። ዛፉ አጥጋቢ ፍሬ የሰጠው ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1898፣ ልጁ የ23 ዓመት ጎልማሳ ሲሆን ነው። የተገኘው ፍሬ በዘመኑ ከተለመዱት ቆዳቸው ቡናማ፣ ሥጋቸው ሻካራ ከሆኑት ፒሮች የተለየ፣ ቆዳው ስስና አረንጓዴ ቢጫ፣ ጭማቂውም የበዛ ሆነ። በ1904 ፍሬው «ኒጂሴይኪ» ተብሎ ተሰየመ፤ ትርጓሜውም «ሃያኛው ክፍለ ዘመን» ማለት ነው። የመጪው ዘመን ተወዳጅ ፍሬ ይሆናል ተብሎ ተስፋ ስለ ተጣለበት ነበር ይህ ስም የተሰጠው።

በዚያው በ1904 በጃፓን ባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ከቶቶሪ አውራጃ ኤይጂ ኪታዋኪ የተባሉ ሰው 10 ችግኞችን ገዝተው ወደ አገራቸው ወሰዱ። ቶቶሪም ከጊዜ በኋላ በኒጂሴይኪ ምርቱ በመላው ጃፓን የታወቀ ሆነ።

ከጥቁር ነጠብጣብ ጋር የተደረገ ትግል

ነገር ግን መልካሙ ፍሬ መልካም ጠላት ነበረው። ጥቁር ነጠብጣብ የሚባለው የሻጋታ በሽታ ከሌሎቹ ዝርያዎች ይልቅ ኒጂሴይኪን አጥብቆ ያጠቃል። በሽታው በቅጠሉ ላይ ይጠቁራል፤ በለጋው ፍሬ ላይ ካረፈም ፍሬው ተሰነጣጥቆ ሳይበስል ይረግፋል። የአንድ ዓመት ድካም በጥቂት ዝናባማ ሳምንታት ውስጥ ከንቱ ይቀራል ማለት ነው።

የቶቶሪ ገበሬዎች ለዚህ ያገኙት መከላከያ ውድ መሣሪያ አልነበረም፤ ወረቀት ነበር። ሰም በመሰለ ቅባት የተለወሰ የወረቀት ከረጢት ሠርተው እያንዳንዱን ፍሬ ገና በለጋነቱ በእጃቸው አለበሱት፤ የመዳብ ሰልፌትና የኖራ ውሕድም ረጩበት። አንዱ እየረጨ ጎረቤቱ ቢተው በሽታው ከአጥር አጥር እንደሚሻገር ስለ ተረዱ ሥራው የሰፈሩ ሁሉ የጋራ ሥራ ሆነ።

ሳይንስም የበኩሉን አድርጓል። በ1962 በኢባራኪ አውራጃ በሚገኝ የጨረር ምርምር እርሻ ውስጥ የኒጂሴይኪ ዛፎች ተተክለው ለጋማ ጨረር እንዲጋለጡ ተደረገ። ተመራማሪዎቹ በ1981 ከእነዚህ ዛፎች በአንዱ ላይ በሽታው የማያጠቃው አንድ ቅርንጫፍ አገኙ። ከዚያ ቅርንጫፍ የተራባው አዲስ ዝርያ በ1990 «ጎልድ ኒጂሴይኪ» ተብሎ ለገበሬው ቀረበ። ወደ 20 ዓመት ገደማ የተጠበቀው አንድ ቅርንጫፍ ነበር!

የመጀመሪያው ዛፍስ ምን ሆነ? በ1935 የአገሪቱ የተፈጥሮ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቦ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን በአየር ድብደባ ተጎዳና በ1947 ደረቀ። ይሁን እንጂ ሞተ ለማለት አያስደፍርም። የፒር ዝርያ ሳይለወጥ የሚራባው በዘር አይደለም፤ ከእናቱ ዛፍ ቅንጣቢ ቅርንጫፍ ተቆርጦ በሌላ የፒር ግንድ ላይ ሲጣበቅ ነው። ስለዚህ ዛሬ በየትም የቆመ የኒጂሴይኪ ዛፍ ከጥራጊ ክምር ላይ የተነሣው የዚያ ዛፍ አካል ነው። ቦምብ ግንዱን አቃጠለው፤ ቅርንጫፎቹ ግን አስቀድመው በሺህ ጓሮዎች ተበትነው ነበር።

በጓሮ እንዴት ይለማል?

ናሺን በግቢያቸው የሚያለሙ ሰዎች በቅድሚያ የሚያውቁት ነገር ቢኖር አንድ ዛፍ ብቻውን አጥጋቢ ፍሬ እንደማይሰጥ ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎች በራሳቸው የአበባ ብናኝ አያፈሩም። በመሆኑም በአንድ ወቅት የሚያብቡ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ሊቀራረቡ ይገባል። ኒጂሴይኪ ካለ፣ ለምሳሌ፣ «ቾጁሮ» የሚባለው ቡናማ ፒር መልካም ጎረቤት ይሆነዋል። ሁለተኛ ዛፍ ለመትከል ቦታ የጠበበው ሰው የሌላውን ዝርያ ቅርንጫፍ በዚያው ዛፍ ላይ ያጣብቃል።

ቦታው ፀሐይ የሚያገኘውና ውኃ የማይቋጥር መሆን አለበት። ጉድጓዱ ሰፋ ተደርጎ ይቆፈራል፤ አፈሩም ከበሰበሰ ፍግ ጋር ይደባለቃል። ችግኙ ሲተከል የተጣበቀበት ቦታ ከአፈር በላይ ሊቀር ግድ ነው። የተጣበቀ ችግኝ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ገደማ ማፍራት ይጀምራል።

በጃፓን የጸደይ ወራት፣ በሚያዝያ፣ ዛፉ ነጭ አበባ ይለብሳል። ንብ በማይበዛበት ስፍራ ባለቤቱ ከወፍ ላባ በተሠራ መጥረጊያ መሰል መሣሪያ ብናኙን ከአበባ ወደ አበባ ያሻግራል። ቀጥሎ የሚመጣው ለጀማሪ ልብ የሚከብደው ሥራ ነው፤ ይኸውም ፍሬውን ማሳሳት ነው። ከአንድ የአበባ እቅፍ የወጡት ፍሬዎች ሁሉ ቢተዉ ሁሉም ኮሳሳ ሆነው ይቀራሉ፤ ቅርንጫፉም ይሰበራል። ስለዚህ ከየእቅፉ አንድ ብቻ ይተዋል፤ የተቀሩት ገና ጣት ሳያህሉ ይቀነጠሳሉ። ትልቅ ፍሬ የሚሻ ሰው ትንንሾቹን መሠዋት አለበት።

የጃፓን ገበሬዎች ቅርንጫፎቹን ወደ ላይ አይለቁም። የሰው ቁመት ያህል ከፍ ባለ የሽቦ ርብራብ ላይ ጋደም አድርገው ያስሯቸዋል። ታይፉን የተባለው ኃይለኛ ነፋስ የሚነሣው ፍሬው በሚበስልበት ወቅት በመሆኑ፣ ርብራቡ ፍሬውን ከመርገፍ ይጠብቀዋል፤ ለመግረዝና ለመልቀምም ያመቻል።

ሌላም ጠላት አለ፤ ዋግ ነው። የፒር ዋግ ዕድሜውን ለሁለት ከፍሎ ይኖራል፦ ክረምቱን በአንዳንድ የጥድ ዝርያዎች ላይ ያሳልፍና በጸደይ ወደ ፒሩ ቅጠል ይሻገራል። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ፒር አብቃይ የጃፓን ከተሞች እነዚያ ጥዶች በእርሻዎቹ አጠገብ እንዳይተከሉ በደንብ ከልክለዋል።

ኒጂሴይኪ የሚለቀመው ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ በመስከረም ነው። የበሰለ ፍሬ በመዳፍ ተይዞ ቀና ሲደረግ ያለ ትግል ከቅርንጫፉ ይለቃል፤ እምቢ ካለ ጥቂት ቀን ይታገሣል። ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ ይነከራል፤ ተልጦ ይቆረሳል፤ እምብርቱ ጎምዘዝ ስለሚል ተቆርጦ ይጣላል። በኮሪያ በመኸር በዓል ለአያት ቅድመ አያት መታሰቢያ በሚዘጋጀው ገበታ ላይ ይቀርባል፤ ተፍቆም ሥጋ ከመጠበሱ በፊት እንዲለሰልስ ይለወስበታል።

የቅዝቃዜው ነገር

ይህ ዛፍ በየትም ይበቅላል ማለት ግን አይደለም። ቅጠሉን አራግፎ የሚያንቀላፋበት የብዙ መቶ ሰዓታት ቅዝቃዜ ካላገኘ እምቡጡ በወጉ አይነቃም። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የፖም ዛፍም ጠባዩ ይህን ይመስላል። በጋሞ ደጋ በጨንቻ የፖም ልማት ሊሠምር የቻለው የስፍራው ከፍታ ብርድን ስለሚሰጥ፣ ብዙ ብርድ የማይጠይቁ ዝርያዎችም ስለተመረጡ ነው። ስለዚህ ፒርን የሚመኝ ደገኛ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስለ ፍሬው ጣዕም ሳይሆን ዝርያው ስለሚፈልገው ቅዝቃዜ ነው። ቆላ ላይ ያለው ሰው ግን ማንጎውንና ዘይቱኑን ቢንከባከብ ይሻለዋል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የማትሱዶው ልጅ ሀብት አልነበረውም፤ የነበረው ማየትና መታገሥ ብቻ ነው። ነገ ጥራጊ ልንደፋ ስንወጣ ከክምሩ ላይ ሁለት ቅጠል ያላት ችግኝ ብናይ፣ ከመርገጣችን በፊት ጎንበስ ብለን እንመልከታት።