ወፍና ዕፅ በቻይና የፍቅር ግጥም

በቻይና ጥንታዊ የፍቅር ግጥም ስሜት ብዙ ጊዜ በቀጥታ አይነገርም፤ ወፍ፣ ዛፍ ወይም አበባ ይናገርለታል። 305 ግጥሞችን የያዘው ጥንታዊው ስብስብ ሺጂንግ የሚከፈተው በወንዝ መካከል ባለ ደሴት በሚጠራሩ ወፎች ሲሆን፣ ወዲያው አንድ ወጣት የሚመኛት ልጃገረድ ትከተላለች። ሁለቱን የሚያያይዝ «እንደ» የሚል ቃል የለም፤ ዝምድናውን የሚያገኘው አንባቢው ነው።

ወፎች ምልክት የሆኑት በአብዛኛው ከጠባያቸው የተነሣ ነው። ዩዋንያንግ የሚባለው ዳክዬ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሚዋኝ የባልና ሚስት ታማኝነት ምሳሌ ሆኗል፤ በሙሽሮች ብርድ ልብስና ትራስም ላይ ይጠለፋል። በተፈጥሮ ግን ወንዱ በአብዛኛው ጫጩቶቹ ሳይፈለፈሉ ሴቷን ትቷት ይሄዳል። በየወቅቱ አገር የሚያቋርጠው የዱር ዝይ ደግሞ ከሩቅ ወዳጅ የሚመጣ ደብዳቤ ምልክት ነው። ባለቅኔው ባይ ጁዪ እ.ኤ.አ. በ806 ስለ ንጉሠ ነገሥት ሹዋንዞንግና ስለ ፍቅረኛው ያንግ ጉዪፌይ በጻፈው ረጅም ግጥም በአፈ ታሪክ ብቻ ያለ ወፍ ይገኛል። ይህ ወፍ አንድ ዓይንና አንድ ክንፍ ብቻ ስላለው ካልተጣመረ መብረር አይችልም።

ዕፀዋት ግን ከመልካቸው ይልቅ ብዙ ጊዜ በስማቸው ድምፅ ይናገራሉ። ይህም በአማርኛ ቅኔ ኅብረ ቃል ከሚባለው ጋር የሚቀራረብ ዘዴ ነው። አኻያ በቻይንኛ «ልዩ» ይባላል፤ «መቆየት» የሚለውም ቃል ድምፁ ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ለተጓዥ የአኻያ ቅርንጫፍ ቀንጥሶ መስጠት «አትሂድ» ማለት ነበር።

በዚህ ረገድ ከሎተስ የሚበልጥ የለም። በደቡብ ቻይና ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በታወቁት የዚዬ ዘፈኖች የሎተስ ስም «ልየን» መውደድ ከሚለው ቃል ጋር አንድ ድምፅ አለው። የሥሩ ስም «ኦው» ከ«ጥንድ» ጋር ይመሳሰላል። ሥሩ ሲሰበርም ቁራጮቹን ቀጫጭን ክሮች አያይዘው ያቆያሉ፤ ክር «ሲ» ነው፣ ናፍቆትም «ሲ» ነው። የተለያዩ ፍቅረኞች ናፍቆት የማይበጠሰው በዚህ ክር ነው።

ስለዚህ ግጥሙ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለስ ወፎቹ ትርጉማቸውን ይዘው ይሻገራሉ። ሎተሱ ግን ወርቁን ትቶ በሰሙ ብቻ፣ ኩሬ ላይ እንዳለ አበባ ሆኖ ይቀራል።